ከጎጃም ማሳ እስከ ጀብራ ግድግዳ፦ የዓባይ ደለል ገቢና ወጪ

ከካርቱም ከተማ በስተ ደቡብ ጀብራ የሚባል ሰፈር አለ። ከኢትዮጵያና ከኤርትራ ወደ ሱዳን የወረዱ ሰዎች ቤት ተከራይተው ሲኖሩበት የቆየ ስለሆነ፥ ስሙ በመተማና በገዳሪፍ መንገድ ለተመላለሰ ነጋዴ እንግዳ አይደለም። በ2023 (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ እንደ ኤውሮጳ አቆጣጠር ናቸው) በሚያዝያ ወር በከተማይቱ ጦርነት እስኪነሣ ድረስ በዚያ እንደ አገር ቤት ቡና ይወቀጥ፥ እንጀራ ይጋገር ነበር። ከዚያ ወዲያ ብዙው ሰው ተበተነ፤ ከፊሉም በመጣበት በመተማ በኩል ተመለሰ።

ሰው እንዲህ ከደጋ ወርዶ ወደ ደጋ ሲመለስ፥ አብሮት የወረደ ሌላ መንገደኛ ግን በዚያው ቀርቷል። እርሱም አፈር ነው። ጀብራን የመሰሉት የካርቱም ሰፈሮች የተሠሩበት ቀይ ጡብ የሚበጀው ዓባይ በክረምት አምጥቶ በዳርቻው ከሚጥለው ደለል ነው፤ ደለሉም ከጎጃም፥ ከበጌምድር፥ ከወሎና ከወለጋ ተራሮች ታጥቦ የወረደ ነው። እንግዲህ በጀብራ ጀርባውን ግድግዳ አስደግፎ የተቀመጠ የጎጃም ሰው፥ ሳያውቀው የአባቱን ማሳ ተደግፎ ኖሯል ማለት ነው።

የጡቡ ሥራ ሲሠራ የኖረው እንዲህ ነው። ወንዙ ከጎደለ በኋላ፥ በጥቅምት ገደማ፥ ሠራተኞች በዳርቻው ይሰፍራሉ። ደለሉን ቆፍረው በውሃ ያቦካሉ፤ የከብት ፋንድያም ይጨምሩበታል፤ በእንጨት ቅርጽ እየመቱ በፀሐይ ያደርቁታል። ከዚያ በኋላ ጡቡን ራሱን እንደ ምድጃ ከምረው ከሥሩ እንጨት ያነዱበታል። በዚህ እሳት ውስጥ ለእህል ምግብ ይሆን የነበረው ነገር ሒሳቡ ይዘጋል፤ ከፊሉ በጢስ ወደ ሰማይ ይወጣል፥ የቀረው ከሸክላው ጋር ይጠነክራል። ጡቡ ቤት እስከ ሆነ ድረስ ማንም እህል አይዘራበትም።

የተፈጥሮ ሊቃውንት ስለ ቁስ አካል የሚያስተምሩት ትምህርት ለነጋዴ አዲስ አይደለም። ገንዘብ ከእጅ ወደ እጅ እንደሚዘዋወር ሁሉ፥ ተክል የሚመገበው ነገርም ከድንጋይ ወደ አፈር፥ ከአፈር ወደ ቅጠል፥ ከቅጠል ወደ ከብትና ወደ ሰው፥ ከዚያም በፋንድያና በብስባሽ ተመልሶ ወደ አፈር ይዞራል። ነገሩ አይጠፋም፤ ቦታውን ብቻ ይለውጣል። ዳሩ ግን ቦታውን መለወጡ ለባለ ማሳው እንደ መጥፋት ይቈጠራል። አንድ ሺህ ብር ከአንዱ ኪስ ወጥቶ ሌላው ኪስ ስለ ገባ በዓለም ላይ ያለው ገንዘብ አልጎደለም፤ ከኪሱ የወጣበት ሰው ግን በዚህ አይጽናናም።

ከእነዚህ ምግቦች ሁለቱን ማወቅ ለዚህ ጉዳይ ይበቃል። አንደኛው ናይትሮጂን ነው። ከምንተነፍሰው አየር ከመቶ 78 እጁ እርሱ ቢሆንም፥ ስንዴም ጤፍም ከአየር በቀጥታ ሊወስዱት አይችሉም። በባቄላ፥ በአተር፥ በሽምብራና በመሰሎቻቸው ሥር የሚኖሩ በዓይን የማይታዩ ሕዋሳት ግን ከአየር ይዘው ለተክሉ ያቀርቡታል። የደጋ ገበሬ ጤፍ ያነሣበትን መሬት በማግሥቱ ዓመት ባቄላ የሚያለብሰው የኬሚስት መጽሐፍ አንብቦ አይደለም፤ ከአባቱ የተቀበለው ልማድ ነው፤ ልማዱ ግን ትክክለኛ ኬሚስትሪ ነው።

ሁለተኛው ፎስፎረስ ነው። የዚህኛው ጠባይ ከፊተኛው ይለያል። አየር አይሆንም፤ ስለዚህ ከጠፋበት ቦታ በነፋስ ተመልሶ ይመጣል ተብሎ ተስፋ አይጣልበትም። ከድንጋይ ተፈርፍሮ ከሸክላ አፈር ጋር ይጣበቃል፤ አፈሩ በጎርፍ ሲሄድ እርሱም አብሮ ይሄዳል። አንዴ ባሕር ከገባ፥ ምድር ተነሥታ የባሕሩ ወለል ተራራ እስኪሆን ድረስ አይመለስም። ከዚህ ሕግ የሚያመልጠው እጅግ ጥቂት ነው፤ ዓሣ በልተው በደሴት ላይ ኩሳቸውን የሚጥሉ ወፎች ጥቂቱን ይመልሳሉ፤ የሰሃራ አቧራም ጥቂቱን ይሸከማል። የአሜሪካ የጠፈር ምርምር ድርጅት ሊቃውንት በ2015 እንዳስታወቁት፥ ከአፍሪካ በረሃ ተነሥቶ ውቅያኖስ ተሻግሮ በአማዞን ደን ላይ የሚወርደው አቧራ በዓመት ወደ 22,000 ቶን የሚጠጋ ፎስፎረስ ይዞ ይሄዳል። ካርቱምን በቀትር የሚያጨልማት ሐቡብም፥ ልብስና ምግብ ከማቈሸሹ በቀር ሌላ ሥራ የሌለው ለሚመስላቸው ሰዎች ይህ መልስ ይሆናል።

አሁን ወደ ማሳው እንመለስ ቢባል፥ ወጪው የሚጀምረው ከወንዙ ሳይሆን ከገበሬው ምድጃ ነው። ደኑ በተመነጠረበት ደጋ የማገዶ እንጨት ስለ ሌለ፥ ማሳውን ሊያዳብር የሚገባው እበት ኩበት ሆኖ ይጠፈጠፋል። ኩበቱ ሲነድ ናይትሮጂኑ በጢስ ይሄዳል፤ ፎስፎረሱ በአመድ ውስጥ ቢቀርም፥ አመዱ ከጓሮ አልፎ እምብዛም አይሄድም። ስለዚህ ከቤት አጠገብ ያለው የጎመንና የጌሾ ቦታ ወፍራም ሆኖ፥ ራቅ ያለው ማሳ ይከሳል። ገበሬውን በዚህ መውቀስ ቀላል ነው፤ የሚወቅሰው ሰው ግን ራቱን በምን እንደሚያበስል አስቀድሞ መናገር አለበት።

የከሳ ማሳ ዝናብ አይችልም። የስዊስ ተወላጅ የሆኑት ሊቅ ሐንስ ሁርኒ በ1980ዎቹ ባደረጉት ግምት፥ በኢትዮጵያ ደጋ ከሚታረስ መሬት በየዓመቱ ከአንድ ሄክታር በአማካይ 42 ቶን አፈር ይታጠባል። በጥልቀት ሲለካ 4 ሚሊ ሜትር ያህል ነው። ለአንድ ክረምት ሲታይ ምንም አይመስልም፤ በአንድ ሰው ዕድሜ ሲታሰብ ግን ማረሻው ከድንጋይ ጋር የሚገናኝበት ቀን እሩቅ አይደለም። የሚታጠበውም ከላይ ያለው፥ ማለት ፋንድያውና ብስባሹ ያለበት ክፍል ነው። ጎርፍ ቀማኛ ብቻ ሳይሆን መራጭም ነው።

ይህ ሁሉ በየጅረቱ ወርዶ ዓባይ ውስጥ ይሰበሰባል። ጣና ከባሕር ወለል በላይ 1,800 ሜትር ያህል ከፍታ ላይ ሲገኝ ካርቱም ከ400 ሜትር በታች ናት፤ ውሃው በ1,450 ኪሎ ሜትር መንገድ ይህን ሁሉ ቁልቁለት ይወርዳል። ከግድቡ ዘመን በፊት በየዓመቱ በሱዳን ድንበር የሚያልፈው ደለል ከ100 ሚሊዮን ቶን በላይ ይገመት ነበር። ነጩ ዓባይ በአንጻሩ ግማሽ የሚያህለውን ውሃውን ጭምር በሱድ ረግረግ አስቀርቶ ይመጣል፤ ደለል እምብዛም የለውም። ሁለቱ ወንዞች በሙግራን ሲገናኙ በነሐሴ ወር ቡናማውና ነጣ ያለው ጎን ለጎን ሲሄዱ በዓይን ይታዩ ነበር። ሙላቱ ሲበረታም ዓባይ ባልንጀራውን ወደ ኋላ ይገፋዋል። በመገናኛው ላይ ያለችው የቱቲ ደሴት ለካርቱም ገበያ አትክልትና ፍራፍሬ ስታቀርብ የኖረችው በዚህ ደለል ነው።

በዚህ ስፍራ ስለ ግብጽ አንድ ነገር ማንሣት ለአስተዳዳሪዎች ሳይጠቅም አይቀርም። በካይሮ በሮዳ ደሴት በ861 የተሠራ የውሃ መለኪያ ዓምድ እስከ ዛሬ ቆሟል። የመንግሥት ሹማምንት የሙላቱን ከፍታ በክንድ ለክተው የዓመቱን ግብር ይወስኑ ነበር፤ ውሃው በቂ ከሆነ ደለሉም በቂ ነው፥ ደለሉ በቂ ከሆነ እህሉ፥ እህሉ በቂ ከሆነ ግብሩ ይገባል። በኢትዮጵያ ተራራ የወረደ ዝናብ በካይሮ የገቢ መዝገብ ይጻፍ ነበር ማለት ነው፤ ለላኪው አገር ግን በዚያ መዝገብ ምንም ዐምድ አልነበረውም።

ሆኖም ሰው ደለሉን ሲያመሰግን ልክ እንዳያልፍ ያስፈልጋል። ደለል በፎስፎረስና በፖታሲየም ሀብታም ቢሆንም በናይትሮጂን ግን ድኻ ነው። የግብጽ ገበሬ ይህን ጉድለት የሚሞላው በርሲም የሚባለውን የከብት መኖ በመዝራት ነበር፤ እርሱም እንደ ባቄላ ከአየር የሚቀዳ ነው። ትልቁ የአስዋን ግድብ ሳይሠራም ግብጽ ከቺሊ ድረስ ናይትሬት በመርከብ ታስመጣ ነበር።

ሱዳን ውስጥም እንዲሁ ነው። በ1925 የሰናር ግድብ ተሠርቶ የጀዚራ የጥጥ እርሻ ሲከፈት፥ ያ ሜዳ ዓባይ በሺህ ዘመናት ያነጠፈው ጥቁር ሸክላ ነበር። እርሻው ኋላ ሰፍቶ ከ800,000 ሄክታር በላይ ሆኗል። የጥንቱ አሠራር ጥጥን በማሽላ፥ ማሽላን በሉብያ ማፈራረቅና መሬቱን ጦም ማሳደር ነበር። ሉብያ ናይትሮጂን ይመልስ ነበርና። ጥጥ በገበያ ሲወደድ ጦም የሚያድረው መሬት አነሰ፤ በምትኩም ዩሪያ ተገዛ። በ2023 በታኅሣሥ ጦርነቱ ወደ ጀዚራ ሲዛመት ደግሞ ዩሪያውም ዘሩም ለብዙ ገበሬ የማይደረስበት ሆነ።

ይህን ዙር ያለ ፋብሪካ የሚያካሂድ አንድ ዛፍ በሱዳን አለ፤ ነጋዴዎችም በሌላ ሥራው ያውቁታል። እርሱም በኮርዶፋን የሚበቅለውና ሙጫው በኤል ኦበይድ ገበያ የሚሸጠው ሐሸብ ነው። የኮርዶፋን ሰው ማሽላና ሰሊጥ የዘራበት አሸዋ ሲደክም ለሐሸቡ ይተውለታል፤ ዛፉ አሥራ አምስትና ሃያ ዓመት ቆይቶ ሙጫ ይሰጣል፥ በሥሩም ለመሬቱ ናይትሮጂን ይመልሳል፤ ሲያረጅ ተቆርጦ መሬቱ እንደ ገና ይታረሳል። ከሙጫው የተነሣ ማረፊያው ዘመን ራሱ ገቢ አለው፤ እንዲህ ያለ ዕረፍት በሌላ ቦታ ማግኘት ብርቅ ነው። የአሜሪካ መንግሥት በሱዳን ላይ የንግድ ማዕቀብ በጣለ ጊዜ፥ ለስላሳ መጠጥ ሠሪዎች ያለ እርሱ አንችልም በማለታቸው ሙጫው ከማዕቀቡ ነጻ እንዲሆን ተደርጓል። ዳሩ ግን የሙጫ ዋጋ ሲወድቅ ዛፉ ያለ ጊዜው ከሰል ይሆናል። በኤርትራ ሞሞና፥ በአማርኛ ገርቢ፥ በሱዳን ሐራዝ የሚባለውም ግራር ከሐሸብ የሚተናነስ አይደለም፤ በክረምት ቅጠሉን አራግፎ ለእህሉ ብርሃንም ፍግም ስለሚሰጥ፥ አስተዋይ ገበሬ በማሳው መካከል ሲያገኘው ምሳር አያነሣበትም።

ለኤርትራ አንባቢ የቅርቡ ምሳሌ መረብ ነው። ከአስመራ ብዙም ሳይርቅ ይነሣል፤ ሱዳን ሲገባ ጋሽ ተብሎ ከሰላ ደርሶ በአሸዋ ውስጥ ይሰወራል፤ ባሕር አይደርስም። ስለዚህ የተሸከመውን ደለል ሁሉ በአንድ ቦታ ያራግፋል፤ የከሰላ ፍራፍሬና የተሰነይ አጠገብ የአሊ ግድር ጥጥ የበቀሉት በእርሱ ነው። ኢጣልያና እንግሊዝ በ1925 ስለዚሁ ውሃ ደብዳቤ ተለዋውጠው ተስማምተዋል፤ ደብዳቤዎቹ ስለ ውሃው መጠን እንጂ ስለ ደለሉ የሚከራከሩ አልነበሩም። ደለሉ ግን ዝም ብሎ ወለሉን ከፍ አደረገው፤ በ2003 በሐምሌ ወንዙ ከሰላን ሲያጥለቀልቅ ብዙ ሕዝብ ቤት አልባ ሆነ።

ደለል ያለበት ወንዝ ላይ ግድብ የሚሠራ መንግሥት ሁሉ ይህን ሒሳብ ሳይወድ ይማረዋል። በአትባራ ወንዝ ላይ በ1964 የተመረቀው የኻሽም ኤል ጊርባ ግድብ ውሃ ከሚይዝበት ስፍራ ከግማሽ የሚበልጠውን ደለል ወርሶበታል። በ1966 የተሠራው የሮሰሬስ ግድብም ሲሦውን ያህል አጥቶ፥ በ2013 ከፍታው እንዲጨመር ግድ ሆኗል። የሱዳን መሐንዲሶች ብልሃት ሙላቱ በሚበረታበት ጊዜ በሩን ከፍተው ደለሉን ማሳለፍ፥ ውሃው ሲጠራ መዝጋት ነበር፤ ያሳለፉት ደለል ግን ወደ ጀዚራ ቦዮች ገብቶ ለጠረጋው በየዓመቱ ብዙ ገንዘብ ያስወጣ ነበር።

በግብጽ የሆነው ከሁሉ ያስደንቃል። የአስዋን ትልቁ ግድብ በ1960ዎቹ ውሃ መያዝ ሲጀምር ደለሉ ከግድቡ በስተ ኋላ ቀረ። ከዚያ በፊት ሙላቱ በመከር ወራት ሜድትራኒያን ሲገባ በባሕሩ ላይ ደቃቅ ተክል ያብብ፥ ሰርዲን የሚባለው ዓሣም ይህን ተከትሎ ወደ ዳርቻው ይጎርፍ ነበር። በ1962 ወደ 18,000 ቶን የተጠመደው ሰርዲን በዚያው አሥር ዓመት መጨረሻ ከ1,000 ቶን በታች ወረደ። ዓሣ አጥማጆች ጀልባቸውን ሸጡ። ከ1980ዎቹ ወዲህ ግን ዓሣው መመለስ ጀመረ። ስኮት ኒክሰን የተባሉ አሜሪካዊ የባሕር ሊቅ በ2003 ባወጡት ጽሑፍ ምክንያቱን ሲያስረዱ፥ የባሕሩ አዲስ መጋቢ ከግብጽ እርሻ የሚታጠበው ማዳበሪያና ከካይሮና ከእስክንድርያ የሚወጣው ፍሳሽ ሳይሆን አይቀርም ብለዋል። ቀድሞ የጎጃም አፈር በነጻ ያበላው ዓሣ አሁን በፋብሪካ ማዳበሪያና በከተማ ቈሻሻ ይኖራል።

ፋብሪካው ራሱ የኤውሮጳ ሥራ ነው። ጀርመናዊው ፍሪትስ ሐበር በ1909 ናይትሮጂንን ከአየር የሚያወጣበትን መንገድ አሳየ፤ ካርል ቦሽ በ1913 ፋብሪካ አደረገው። ዛሬ ከዓለም ሕዝብ ግማሽ የሚሆነው የሚበላው በዚህ ዘዴ ነው ተብሎ ይገመታል። ፎስፎረስ ግን አሁንም ከድንጋይ ይቆፈራል፤ ከታወቀው የዓለም ክምችት ከመቶ 70 ያህሉ በሞሮኮ እጅ ነው። ኢትዮጵያ በየዓመቱ ከ1 ሚሊዮን ቶን የሚበልጥ ማዳበሪያ በውጭ ምንዛሪ ገዝታ በጅቡቲ በኩል ታስገባለች፤ የፎስፎረሱ ዋና ምንጭም ሞሮኮ ነው። በ2022 በዓለም ገበያ ዋጋው ሲንር በየወረዳው የተሰማው ጩኸት የሚታወስ ነው። እንግዲህ የነጋዴ መዝገብ ተገልጦ ቢታይ፥ በአንዱ ገጽ በክረምት ወደ ሱዳን የወረደው አፈር ያለ ዋጋ ተጽፏል፤ በሌላው ገጽ ያንኑ ምግብ ለመተካት ከሞሮኮ የመጣው ጆንያ በዶላር ተጽፏል።

ከ2011 እስከ 2025 በጉባ የተሠራው ታላቁ የሕዳሴ ግድብ ይህን መዝገብ በከፊል ይለውጠዋል። ደለሉ ድንበር ሳይሻገር ከግድቡ ሐይቅ ሥር ይቀራል፤ ለጀዚራ ቦዮች የጠረጋ ወጪ ይቀንሳል፤ ለቱቲ አትክልተኛና ለካርቱም ጡብ ሠሪ ግን የሚደርሰው ውሃ የጠራ ይሆናል። ለጎጃም ገበሬ ምንም የተመለሰለት የለም፤ አፈሩ በአገሩ ውስጥ ቢቀርም ከመቶ ሜትር ውሃ በታች የተቀመጠ አፈር አይታረስም። ስለዚህ የግድቡ ዕድሜና የማሳው ዕድሜ አንድ ጉዳይ ሆነዋል፤ ሁለቱም የሚወሰኑት ከላይ፥ በእርከኑ ነው። በደምበጫ አካባቢ በአንጀኒ በ1984 የአፈር ምርምር ጣቢያ ተቋቁሞ በ1986 እርከን ሲሠራ የታጠበው አፈር ቀንሷል። በደጋው ብዙ ቦታ ገበሬው እርከንን በሙሉ ልብ ያልተቀበለው፥ መሬቱን ያጠብበዋል፥ በሬ ለማዞር ያስቸግራል፥ አይጥ ያረባል በማለት ነው። ይህ ቅሬታ ከንቱ አይደለም። ለግድቡ መብራት የሚከፍለው ከተማ ለእርከኑ ምን እንደሚከፍል እስካልተነገረው ድረስ፥ ገበሬው ጥርጣሬውን መተዉ አይጠበቅም።

ወደ ጀብራ ስንመለስ፥ ከደጋ ወደዚያ የሚወርደው አፈር ብቻ አልነበረም፤ ጤፍም በጆንያ በመተማ በኩል ይወርድ ነበር። በጤፉም ውስጥ የዚያው ማሳ ናይትሮጂንና ፎስፎረስ አለ። ከተበላ በኋላ የት ገባ? በካርቱም አብዛኛው ቤት ከፍሳሽ ቧንቧ ጋር አልተገናኘም፤ የሰው ትርፍ ሁሉ ጥልቅ ጉድጓድ ይወርዳል፤ ከጉድጓዱም ናይትሬቱ እየሰረገ ከመሬት በታች ያለውን ውሃ ይበክላል። ለአፈር መድኃኒት የሆነው ነገር በዚያ ለጠጪው መርዝ ይሆናል።

አንድ ጊዜ ግን ካርቱም ሌላ ነገር ሞክራ ነበር። በ1960ዎቹ ከከተማይቱ በስተ ደቡብ አረንጓዴ መቀነት የተባለ ደን ተተክሎ፥ ቧንቧ ከነበራቸው ጥቂት ሰፈሮች የተሰበሰበው ፍሳሽ ተጣርቶ ያጠጣው ነበር። ዛፉ ከተማውን ከሐቡብ ይከልል፥ ፍሳሹም ዛፉን ያሳድግ ነበር። ከተማይቱ እየሰፋች በሄደች ጊዜ ደኑ ተመንጥሮ አብዛኛው ቦታ ለቤት መሥሪያ ተሸነሸነ። ቤቶቹም የተሠሩት በዓባይ ጡብ ነው።